ሰው ሳይሞት መራመድ

ይህን የምታነቡ ሁሉ ሁለት ሁለት ሳንባ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። እኔም እንደናንተው ሁለት ይዤ ነው የተወለድሁት። አንዱን ወፍጮ ቤት በላው፣ አንዱን ሲጋራ። የቀረችኝን ትንሽ ትንፋሽ ደግሞ የቢቸና ሕዝብ እንዴት አድርጎ ሊጨርሳት እንደነበር ላጫውታችሁ። የቸኮላችሁ ካላችሁ ሂዱ፤ እኔ ሳወራ መሐል መሐል ላይ አርፋለሁ።

ወፍጮ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ ሲቀመጥ አየዋለሁ እንጂ ወደ ውስጥ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ውስጤ ምን አለውና ይገባል? ከሥራ ወጥቼ ስታጠብ ነጭ ውሃ ከፊቴ ይወርዳል፤ «በቃ ጠራሁ» እልና አንድ ሲጋራ እለኩሳለሁ። ሲጋራ የጉሮሮ ዱቄት ይጠርጋል ይሉን ነበር። ይህን ያሉኝ ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ሁሉንም ጥሩምባ ነፍቼ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ።

ጥሩምባ ስል ሌላው ሥራዬ መጣ። የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበርሁ። ሰው ሲሞት ከላይ ሰፈር ተነሥቼ፣ በገበያው በኩል አድርጌ፣ እስከ ታች ሰፈር እየነፋሁ እወርዳለሁ፤ የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት እለፍፋለሁ። ሞባይል መጥቷል፣ አልካድሁም። ግን በሞባይል የተነገረን ሞት ማን ያምናል? «በጥሩምባ ተነገረ ወይ?» ነው የሚባለው። ሰው ስሜን ረስቶ «አያ ጥሩምባ» ይለኛል፤ ባለቤቴ ይታይሽ እንኳ ሰው ፊት እንዲያ ነው የምትጠራኝ። ሌላው ሰው መሬት አለው፣ ሹመት አለው፣ ትልቅ ዘመድ አለው። እኔ ጥሩምባ ነበረኝ። ድግስ ላይ ቦታ ሲጠብ ይነሡልኛል፤ ቁርጥ ሲመጣ በእኔ ይጀመራል። ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት መርምሬው አላውቅም።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ዝናባማ ጧት ነው። ላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዐርፈው ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። ገበያው ዳር ስደርስ ደረቴ ውስጥ ፉጨት ተነሣ። ጥሩምባውን አፌ ላይ ብደግነው «ጥ» ብሎ ቀረ። «እስኪ ለጥቂት» ብዬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከድንጋዩ ስነሣ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነበር።

ታች ሰፈር በሙሉ ሳይሰማ ቀረ። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ የእድሩ ድንኳን ሸራ የሚቀመጠው ላይ ሰፈር ነው፣ ምሰሶው ግን ታች ሰፈር። ለምን እንዲህ ተደረገ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ኮሚቴ ነው ያከፋፈለው፣ ለሁለቱም ሰፈር እኩል ይድረስ ተብሎ። እንግዲህ ምሰሶው ሳይመጣ ቀረና ሐዘንተኞቹ ሸራውን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዝናብ ሲወርድባቸው ዋሉ።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ አቶ ደምላሽ አስጠሩኝ። አቶ ደምላሽ ከቤታቸው እስከ እድሩ ቢሮ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሷንም በባጃጅ የሚመጡ ሰው ናቸው።

«ትንፋሽህ አልቋል መሰለኝ» አሉኝ።

«ጉንፋን ነው ጌታዬ።»

«ጉንፋን ሦስት ዓመት አይቆይም። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ያን ቀን ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ሳትቀመጥ እየነፋህ ከወረድህ ጥሩ። ካልቻልህ ሜጋፎን ይገዛና ለጌትነት ይሰጣል።»

ጌትነት ገበያ መሐል ቆሞ በድምጽ ማጉያ የአይጥ መርዝ የሚሸጥ ሰው ነው። የእኔን ሟቾች እንግዲህ የአይጥ መርዝ በሚሸጥበት ድምጽ ሊለፍፋቸው ነው። ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ጥሩምባውን ከወሰዱብኝ ምን እሆናለሁ? የሚያስል አንድ ሽማግሌ፣ ሌላ ምን።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድሁ። እዚያ አንዲት የታወቀች ሐኪም አለች፤ ወጣት ናት፣ ፈገግታ ግን የላትም። ሥራዬን፣ ሳሌን፣ ስለ ሰኔ ሚካኤልም ነገርኋት። አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ሰጠችኝና «አባቴ፣ ባለ በሌለ ኃይልዎ እፍ ይበሉባት» አለችኝ። በሆዴ ሳቅሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥሩምባ የነፋን ሰው ነው እፍ በል የምትለው። «ብትፈነዳ እኔን እንዳትዪኝ» አልሁና ጉንጬን ነፍቼ ለቀቅሁባት። ቱቦዋ ላይ ያለችው ጠቋሚ ትንሽ ወጣ ብላ ቆመች። «እንደገና» አለችኝ። እንደገና ነፋሁ፤ ጠቋሚዋ ከመጀመሪያው አነሰች። ሐኪሟ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ቁጥሩን አየች።

«በእርግጥ ጥሩምባ ነፊ ነዎት?» አለችኝ።

ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ግን ደርሶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። አየር የሚያልፍበት ቧንቧ ከውስጥ ተቆጥቷል፣ አብጧል፣ ስለዚህም ጠቧል። «ማን አስቆጣው?» ብላት «እርስዎ» አለችኝ፤ «በዱቄቱና በሲጋራው»። ሲጋራውን ዛሬውኑ አቁም። ይህችን በአፍ የምትሳብ መድኃኒት ጧትና ማታ ውሰድ። በየቀኑ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለህ ተራመድ።

«ልጄ፣ በሽተኛ እኮ ነኝ።»

«ለዚህ ነው የሚራመዱት። በተቀመጡ ቁጥር ጉልበትዎ ይከዳዎታል፣ ቁጣውም ይብስበታል። በልኩ የሚራመድ ሰው በዚያችው ባለችው ሳንባ ብዙ ይሠራል።»

«ልኩን በምን አውቃለሁ?»

«እየተራመዱ ማውራት መቻል አለብዎት። መዝፈን ግን መቻል የለብዎትም። መዝፈን ከቻሉ ይፍጠኑ፤ ማውራት ካቃተዎት ቀስ ይበሉ።»

ከዚህ የቀለለ የሐኪም ትእዛዝ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ምነው ዐሥር መርፌ በወጋችኝ ያልሁት ቢቸና ከተመለስሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢዬን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ፈጠን ፈጠን እያልሁ ቁልቁል ወረድሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሰው ያለ ጉዳይ አይራመድም። ገበያ ይኬዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል፣ ፍርድ ቤት ይኬዳል፤ ፍርድ ቤትማ በደንብ ይኬዳል። እንዲያው ሄዶ እንዲያው የሚመለስ ሰው ጤናው ያጠራጥራል። ጥሩምባ ነፊ ደግሞ በጧት ሲፈጥን ከታየ ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው። ይህን እኔም ሐኪሟም አላሰብነውም።

መጀመሪያ ያየችኝ አንዲት ጠላ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት፤ ደጃፏ ላይ ጋን እያጠበች ነበር።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ትንፋሼ አጥሮ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ደኅና ነኝ፣ ተዪኝ ማለቴ ነበር። እሷ ግን ወደ ሰማይ ማመልከቴ መሰላት። እጇን ጠራርጋ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ። እሷን ያየች ሌላይቱ አዘቀዘቀች። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ፤ ሻይ ቤት የነበሩት ብርጭቆ እንደያዙ ወጡ። እኔ የማየው ፊት ለፊት ነው፤ ሐኪሟ ወደ ኋላ ዞር እያልህ ተራመድ አላለችኝም። የእግር ኮቴ ስሰማ «ሌሎችም ታዘውላቸዋል ማለት ነው፣ ጥሩ ነው» እያልሁ እርምጃዬን ጨመርሁ።

እማማ ብርቄ ደጃፍ ስደርስ ትንፋሼ አለቀና አጥራቸውን ተደግፌ ቆምሁ። እማማ ብርቄ ሰማንያን ያለፉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሕዝቡ ዛሬ ነገ ይሞታሉ ብሎ መጠበቅ ከጀመረ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ሁለት ጊዜ ተናዝዘው፣ ሁለቱንም ጊዜ በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ገበያ ወጥተዋል። ዞር ብል ስድሳ የሚሆን ሰው ከኋላዬ ቆሟል።

«እማማ ብርቄ ናቸው ወይ?» አለ አንዱ።

እኔ እያሳልሁ ነው። ሳል ደግሞ አጎንብሰው ሲስሉት ልቅሶ ይመስላል። በቃ፣ እሪታው ቀለጠ፤ ሕዝቡ እኔን ገፍትሮ ግቢ ገባ።

እማማ ብርቄ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ቀና ብለው ደረታቸውን የሚደቁትን ሴቶች አንድ በአንድ አዩ።

«የማን ልቅሶ ነው?»

ሴቶቹ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ።

«የማን ልቅሶ ነው እያልሁ?»

«የርስዎ» አለች ጠላ ሻጯ፣ ምስኪን መዋሸት አታውቅም።

«ከመቼ ወዲህ?»

ዓይናቸው ከሕዝቡ ኋላ አጥሩን የያዝሁት እኔ ላይ ዐረፈ። «አንተ ነህ የገደልኸኝ?» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ብልሃት አመጣሁ፤ ውሃ ቀጂ መስዬ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ውሃ በሰፈራችን በሳምንት አንድ ቀን፣ ደስ ካለው፣ ይመጣል። ጀሪካን ይዞ የሚፈጥን ሰው የታየ እንደሆነ ወሬው ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። ቦኖው ዘንድ ስደርስ ከኋላዬ የተሰለፈው ጀሪካን ጥግ አልነበረውም። ውሃው አልመጣም ነበር። የተሰደብሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የይታይሽ ወንድም ከባሕር ዳር ያመጣልኝን ሰማያዊ ቱታ ለበስሁ። በቱታ ሲያዩኝ ለስፖርት መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ። ሐኪሟ ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥርህ ከንፈርህን አሞጥሙጠህ፣ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርድ፣ ቀስ አድርገህ አስወጣ ብላኝ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ሳያስቡት ፉጨት ይመጣል። በሰማያዊ ቱታ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ እያፏጨ በገበያ መሐል የሚያልፍ የስድሳ ዓመት ሰው ምን እንደሚባል እናንተው ገምቱ። ባሏን በጥሩምባዬ የሸኘሁላት አንዲት ሴት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና በሯን ዘጋች። የንስሐ አባቴ ከሩቅ አይተውኝ በሌላ መንገድ ታጠፉ፤ ከሰዓት በኋላ ይታይሽን አስጠርተው ጠበል እንድታስጀምረኝ መከሯት። መድኃኒቷን ሻይ ቤት ውስጥ አውጥቼ ስስባት ያየ ሰው ደግሞ «አያ ጥሩምባ ሽቶ መጠጣት ጀመረ» ብሎ አስወራ።

በአራተኛው ቀን ከከተማ ወጥቼ በሞጣ መንገድ ልሄድ ወሰንሁ፤ ማን ያውቀኛል ብዬ። የገበያ ቀን መሆኑን ረሳሁት። ወደ ገበያ የሚመጣው አገሬው በሙሉ ፊት ለፊቴ። እንግዲህ ሰላምታ ነው፦ እንዴት አደሩ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። ሳልቆም ባልፍ ጥጋብ ነው፤ ብቆም የሐኪሟ ትእዛዝ ፈረሰ። ሁለቱንም ላስታርቅ ብዬ ባለሁበት ቆሜ እግሬን እያነሣሁ እየጣልሁ ብመልስ አንዱ ቀረብ አለና «አባቴ፣ ሽንት ይዞዎት እንደሆነ ከዚያ ቁጥቋጦ ኋላ ምቹ ነው» አለኝ።

ሌላው በቅሎ ላይ ነበር። ስቃትት አየኝና ወረደ።

«ይውጡ አባቴ።»

«ይቅርብኝ፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ሐኪም አዝዞኝ ነው።»

«ሐኪም በእግር ሂድ ብሎ ያዛል? ምን አጠፉ?»

እምቢ ብል በቅሎውን የናቅሁበት ይመስለዋል። ደግሞ ክፉኛ ደግ ሰው ነበር። ብብቴን ይዞ አንሥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝ፤ ልጓሙን እየሳበ እስከ ደጄ አደረሰኝ። ለእግር ጉዞ ወጥቼ በበቅሎ ገባሁ። ይታይሽ ተጭኜ ስመጣ አየችና እሪ አለች።

እሪታውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። አልጋ ላይ ወጥቼ እግሬን እንድዘረጋ ተደረገ፤ ልውረድ ባልሁ ቁጥር አራት እጅ መልሶ ያስተኛኛል። አቶ ደምላሽ ሳይቀሩ በባጃጅ መጥተው «ዕረፍት ነው የሚያሻህ፣ እኔን አታየኝም?» አሉኝ። አየኋቸው። የቤታችን ደረጃ ሦስት ናት፤ እሷን ወጥተው ላብ አጥምቋቸዋል። አንዷ ጠያቂ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍም ላይ አድርጋ ታጠን አለችኝ። ጢስ ለጎዳው ሳንባ ጢስ። በጋቢ ሸፍነው ሲያጥኑኝ የሳልሁትን ሳል ታች ሰፈር ሰምቶታል አሉ፤ በጥሩምባ ያልደረስሁበትን። ይታይሽ «ያቺ ሐኪም ናት የገደለችህ» እያለች ታለቅሳለች። እነሱ ሲሄዱ ጥሩምባዬን ግድግዳው ላይ አየሁት። ሰኔ ሚካኤል አምስት ሳምንት ነው የቀረው። አልዋሻችሁም፣ እኔም አለቀስሁ።

እማማ ብርቄን ይቅርታ ሳልጠይቅ መቆየቴ ስለከበደኝ አንድ ቀን ቤታቸው ሄድሁ፤ ቀስ ብዬ፣ በጓሮ በኩል። የሐኪሟን ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ ከእኔ ጋር አትራመድም?» አሉኝ።

«ከርስዎ ጋር?»

«እኔ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ታች ሰፈር እኅቴን አይቼ እመለሳለሁ። ይህ ሕዝብ አንተን ባየ ቁጥር የሚያስበው የእኔን ሞት ነው። እኔ ከጎንህ እየተራመድሁ ካየኝ ምን ይላል? ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይገባል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሚቴ ስሰማ ኖሬ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ አብረን ወጣን። እማማ ብርቄ ሲራመዱ የሚያባርራቸው ያለ ይመስላል። እኔ ማውራት የሚያስችለኝን ልክ ስፈልግ እሳቸው እየተራመዱ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው «ነጠላዬን ላዘቅዝቀው ወይስ ትነሣለህ?» ይሉኛል። በሳምንቱ ወደ ሁለት ጊዜ ወረደ። ከዚያ አንድ ጊዜ። ሕዝቡ ከደጃፉ ብቅ ይልና እሳቸውን ከጎኔ ሲያያቸው ቅር እያለው ይመለሳል። በአራተኛው ሳምንት አንድም ጊዜ ሳልቀመጥ ታች ሰፈር ደረስሁ። የእማማ ብርቄ እኅት ደጅ ላይ ቆሜ፣ ሰው ያየኛል ሳልል፣ አንድ የሠርግ ዘፈን አንጎራጎርሁ። ሲጋራ ከተውሁም ወር ሊሞላኝ ነው፤ ይታይሽም ሳሌን ሳትሰማ ማደር ጀመረች።

ደስታዬን ይዤ ሞጣ ሄድሁና ያቺን ቱቦ ነፋሁ። ጠቋሚዋ ያው ናት፣ ፈቀቅ አላለችም። ተናደድሁ። ሐኪሟ ግን በኮሪደሩ እንድመላለስ አድርጋ ሰዓት ያዘች። «ሳንባው ያው ነው አባቴ» አለችኝ፤ «የጠነከሩት እርስዎ ነዎት»። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት መጣ። አቶ ደምላሽ «ብቻህን ነው የምትወርደው፤ ደጋፊ አይፈቀድም፤ የእድሩ ጸሐፊ ከኋላ እየተከተለ ያያል» አሉ። ጥሩምባዬን አነሣሁና ነፋሁ። እግዜር ይመስክር፣ የዚያን ዕለቱ ድምጽ ከወጣትነቴ የተረፈ ነበር። ከላይ ሰፈር ገበያ፣ ከገበያ ታች ሰፈር፣ ሳልቀመጥ። ስም አልጠራሁም፤ የሞተ የለም፣ ማንን ልጥራ? ሕዝቡ ግን ስም የሌለው ጥሩምባ ሰምቶ አያውቅም። ወር ሙሉ ከእማማ ብርቄ ጋር ሲያየኝ ከርሞ ዛሬ ብቻዬን አየኝ፤ ያውም ከነጥሩምባዬ። ስሙን እሱ ራሱ ጨመረበት።

ታች ሰፈር ስደርስ አንድም ሰው የለም። የድንኳን ምሰሶውም ከቦታው የለም። ጸሐፊውና እኔ ተያየን፤ ወደ ላይ ተመለስን።

እማማ ብርቄ ግቢ ውስጥ ሸራውና በአቋራጭ የወጣው ምሰሶ ተገናኝተው ድንኳን ቆሟል። ንፍሮ በጋን ይንተከተካል። ሁለቱም ሰፈር፣ አንድ ሳይጎድል፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። እማማ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደርሰውበት መሐል ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀምጠዋል።

«አፍርሰን እንሂድ እማማ» ይላሉ ሰዎቹ አፍረው።

«ምን ሲደረግ? ድንኳኑ ቆሟል፣ ንፍሮው በስሏል። አልቅሱልኝና ልስማው። ስሞት አልሰማችሁም።»

አልቃሿ የግዷን ጀመረች። ደግ ነበሩ ስትል «ለማን?» ይሏታል። እጃቸው ለሁሉ የተዘረጋ ስትል «አንቺ ወንፊቴን ወስደሽ ሳትመልሺ ስድስት ወር ሆነሽ፣ እሱን አንሺው» ይሏታል። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ያ አላለቀሰም፣ አይቼዋለሁ» አሉ። ሰውዬው ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ።

አቶ ደምላሽ እንዲህ ያለ ሙሉ ተሰብሳቢ በዘመናቸው አይተው ስለማያውቁ ጉባኤውን እዚያው ድንኳን ውስጥ ከፈቱት። ጸሐፊው ሳልቀመጥ መውረዴን መሰከረ። ከታች ሰፈር አንዱ ተነሥቶ «ትንፋሹስ ደኅና ነው፣ ምሰሶ ተሸክመን የመጣነው ሰምተነው ነው» አለ፤ «የሚያስቸግረን እግሩ ነው። ይህ ሰው፣ ሰው ሳይሞት ይራመዳል»። ሕዝቡ በሙሉ እውነት ነው አለ። ጉባኤውም ተወያይቶ በሙሉ ድምጽ ወሰነ፤ ጥሩምባው በእጄ ይቆያል፤ ሰው ባልሞተበት ቀን ግን እንዳልራመድ። ተጨበጨበ። ንፍሮው ታደለ።

«ሐኪም ያዘዘኝ እኮ በየቀኑ ነው» አልሁ።

«እንግዲህ በየቀኑ ሰው አንገድልልህም» አሉኝ አቶ ደምላሽ፣ ንፍሮ እያላመጡ።

ጥሩምባዬን አቅፌ ቤቴ ገባሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ውሳኔም ውሳኔ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። አንድ ሳምንት ማንም አልሞተም። ሁለት ሳምንት። አገሩ በሙሉ ጤነኛ ሆነ። ሦስቷ ደረጃ መልሳ ታስቃትተኝ ጀመር፤ ፉጨቱም ደረቴ ውስጥ ተመለሰ። ጧት ጧት ደጄ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ እማማ ብርቄ ግቢ አቀናለሁ፤ የልቅሶ ድምጽ ይኖር እንደሆነ ብዬ። ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያስተማሩኝን፣ ያራመዱኝን ሴት።

አንድ ጧት ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ምነው ቀረህ?»

«እድሩ ከለከለኝ። ሰው እስኪሞት።»

ትንሽ አዩኝ። «የምትጠብቀው እኔን ነው?» አሉኝ።

ከመቀመጫዬ ስነሣ ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም። ገብቼ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረድሁ፤ በጋቢዬ ጫፍ ወለወልሁት፤ ይታይሽ «ማን ሞተ?» እያለች ስትከተለኝ ትቻት ወጣሁ። አቶ ደምላሽ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው» አሉኝ ደንግጠው።

«አዎ። ትንፋሹን ግን ይዤው እሄዳለሁ» አልሁ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

አሁን በየቀኑ እራመዳለሁ። ማንም ማን ሞተ አይለኝም፤ ጠላ ሻጯ ከጋኗ ቀና አትልም። አያ ጥሩምባ የሚለኝ እየቀነሰ ነው፤ ድግስ ላይም በእኔ መጀመር ቀርቷል። አልከፋኝም ብል ውሸቴን ነው። የሆነው ሆኖ ታች ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእማማ ብርቄ ጋር ስንሄድ ጌትነት ሜጋፎኑን በባጃጅ መስኮት አውጥቶ እየለፈፈ በአጠገባችን አለፈ። አንድ የታች ሰፈር ሰው ዐርፈው ነው። ስማቸውን፣ ቤታቸውንና የቀብራቸውን ሰዓት ያው የአይጥ መርዙን በሚጠራበት ዜማ ጠራው፤ ሁለት ጊዜ ደጋገመና በአቧራ አጥኖን ሄደ። እማማ ብርቄ ባጃጁ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆመው አዩት።

«እኔንም በዚህ ነው የሚሉኝ?»

«አዎ እማማ።»

ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና፣ ከዘራቸውን አንሥተው፣ ከወትሮው በባሰ ፍጥነት ቁልቁል ወረዱት። እየሮጥሁ ተከተልኋቸው።